«ስለ ምን ቢሉ»፤ ልጆችን በማስረጃ መጻፍ ስለ ማስተማር

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አሁን መካከለኛ ደረጃ ከሚባሉት ክፍሎች በአንደኛው፣ በሰባተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ለልጆቹ «ባሕር ዛፍ ይጠቅማልን ወይስ ይጐዳል?» የሚል የድርሰት ርእስ ሰጠኋቸው። ርእሱን ያለ ምክንያት አልመረጥሁትም። አጠና ተራ የሚባለው ገበያ በሰፈራችን ነውና ልጆቹ ጧት ሲመጡና ማታ ሲመለሱ በተቈለለው እንጨት አጠገብ ያልፋሉ። ወረቀታቸውን ሰብስቤ በቤቴ ሆኜ ሳነበው ግን ሃምሳ ልጆች አንድ ድርሰት የጻፉ መሰለኝ። እኩሌቶቹ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ብለው ጀምረዋል። ከዚያ በኋላ ገሚሱ ዛፉን አመስግኖ፣ ገሚሱ ምንጭ አድራቂ ነው ብሎ ረግሞ፣ «ስለዚህ ልንከባከበው ይገባል» ወይም «ስለዚህ ልናስወግደው ይገባል» በሚል ቃል ፈጽሟል። ምንጭ ሲደርቅ አይቻለሁ ያለ፣ ወይም ይህን ነገር ከእገሌ ሰማሁ ያለ አንድም ልጅ አልነበረም። ከአጠና ነጋዴዎች አንዱን እንኳ የጠየቀ አልተገኘም።

በእውነቱ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። እኛ መምህራን ድርሰትን ስናስተምር መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ እንላለን፤ የእጅ ጽሕፈቱን እናያለን፤ ቃሉ ካማረ ነጥብ እንሰጣለን። ምሳሌያዊ አነጋገር የቋንቋ ጌጥ ነው፤ እማኝ ግን ሊሆን አይችልም። አንዱ ልጅ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ቢል፣ ጓደኛው «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም እኩል ያምራሉ፤ ነገሩ ግን ከቆመበት ፈቀቅ አላለም።

ደግሞም ታላላቆቹ ፈተናዎች ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥን ስለሚጠይቁ፣ ልጁ አንድ ነገር ተናግሮ ምክንያቱን በራሱ ቃል ሳያስረዳ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በ2015 ዓ.ም. በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጧል። ይህን ቍጥር ይዤ «ጠንቁ ድርሰት አለመማራቸው ነው» ብል ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ቍጥሩ ስንቱ እንደ ወደቁ እንጂ ስለ ምን እንደ ወደቁ አይናገርምና ለራሴ ነገር እማኝ አላደርገውም።

ጉዳዩ የድርሰት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የራሴን በደል ልናገር። ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ የክፍል መዋጮ ጠፋ። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ቃል አንዱን ልጅ ጠቈሙ። እኔም ብዙ አፍ ከተናገረው እውነት ነው ብዬ፣ «ማን አየ?» ሳልል በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት፤ ወላጁንም አስጠራሁ። ገንዘቡ በሳምንቱ በራሴ የስም መጥሪያ መዝገብ ሽፋን ውስጥ ተገኘ። ለካ ሠላሳው ልጅ ሠላሳ እማኝ አልነበረም፤ አንዱ ጠርጥሮ የተናገረውን ሃያ ዘጠኙ ከእርሱ ሰምተው ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅሁት። ልጁም «እሺ መምህር» አለኝ፤ ነገር ግን እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ድረስ በክፍል ውስጥ እጁን አላወጣም። ዛሬ በየእጅ ስልኩ የሚዞረውን ወሬ ባየሁ ቍጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል።

አንዳንድ ባልንጀሮቼ በማስረጃ መጻፍ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ትምህርት ነው ይላሉ። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። በአባቶቻችን ሙግት ዳኛው አስቀድሞ ጭብጡን ይይዝ ነበር፤ ይኸውም ተከራካሪዎቹ የተለያዩበትን ነጥብ ለይቶ ማለት ነው። እማኝ የሚቈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። በትርጓሜ መጻሕፍት ቤትም መምህሩ አንዱን ቃል ከፈታ በኋላ «ስለ ምን ቢሉ» ብሎ ራሱ ይጠይቅና ምክንያቱንና ታሪኩን ያመጣል። ሌላ ፍች ሲኖርም የፊተኛውን ሳይሰርዝ «አንድም» ብሎ ያስከትላል። በልጅነቴ ለድቁና ስማር ከትልልቆቹ ደቀ መዛሙርት ኋላ ተቀምጬ ይህን እሰማ ነበር። ምሥጢሩ ባይገባኝም ያ «ስለ ምን ቢሉ» በጆሮዬ ቀርቷል። ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የሚሻል መሣሪያ አላገኘሁለትም።

ስለዚህ ወረቀታቸውን ያለ ነጥብ መለስሁላቸው። ደብተራቸውን በሦስት ዐምድ አስከፈልኋቸውና በአንደኛው «ያየሁት»፣ በሁለተኛው «የሰማሁት፤ ከማን?»፣ በሦስተኛው «ያሰብሁት» የሚል አስጻፍኋቸው። በሦስተኛው ዐምድ የሚጻፈው ሁሉ ከፊተኞቹ በአንዱ ላይ ካልቆመ አይነበብም አልኋቸው። በመጀመሪያው ሳምንት «ያየሁት» የሚለው ዐምድ በብዙዎቹ ደብተር ባዶውን መጣ።

ከልጆቹ አንዱ ግን ወደ አጠና ተራ ሄዶ «ባሕር ዛፍ ተተክሎ በስንት ዓመት ለሽያጭ ይደርሳል?» ብሎ ሦስት ነጋዴዎችን ጠየቀ። ሦስቱም ልዩ ልዩ ቍጥር ነገሩት። ተበሳጭቶ መጣና «መምህር፣ አንዱ እውነቱን ነው፤ ሁለቱ ዋሽተውኛል። የቱን ልጻፍ?» አለኝ። «የሚሸጡት ለምን የሚሆን እንጨት እንደ ሆነ ጠይቀሃቸዋልን?» አልሁት። ተመልሶ ሄደ። አንደኛው ለማገር የሚሆነውን ቀጭኑን፣ ሁለተኛው ለቤት ቋሚ የሚሆነውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ለፎቅ ሥራ መወጣጫ የሚቆመውን ወፍራሙን የሚሸጡ ኖረዋል። ማንም አልዋሸም። ይህን እኔ በሰሌዳ ላይ በአንድ መንፈቅ አላስተምረውም ነበር።

ከመጻሕፍት የሚገኘውንም አመጣን። ባሕር ዛፍ ትውልዱ ከአውስትራልያ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ ስላለቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማይቱ በቦታዋ ለመቅረቷ፣ ፈጥኖ የሚያድገውና ቢቈረጥም ከጉቶው የሚያቈጠቍጠው ይህ ዛፍ አንዱ ምክንያት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ብዙ ውሃ ስለሚስብ ዝናብ ባነሰበት ስፍራና በምንጭ ዳር ሲተከል ይጐዳል። ልጆቹ እነዚህን ጐን ለጐን ባኖሩ ጊዜ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ፤ «ይጠቅማልን ወይስ ይጐዳል?» የሚለው ቀርቶ «የት ሲተከል?» ሆነ።

ያላሰብሁት ችግር የመጣው ከቤት ነው። ሁለት ወላጆች መጥተው «ልጃችን በተናገርን ቍጥር ‹ከማን ሰማችሁ?› እያለ ይመረምረናል፤ ይህን ነውን የምታስተምሩት?» ብለው ወቀሱኝ። እውነታቸውን ነው። መጠየቅን አስተማርሁ እንጂ በታላላቆች ፊት እንዴት እንደሚጠየቅ አላስተማርሁም ነበር። ከዚህ በኋላ «እንዴት ዐወቁ?» ማለትን ትተው «ይህ ሲሆን እርስዎ ነበሩን? እስቲ ያጫውቱኝ» እንዲሉ መከርኋቸው። ወላጆችንም፣ ልጁ እንዲህ ሲጠይቅ እንደ ድፍረት እንዳይቈጥሩበት ለመንኋቸው።

አንዲት ልጅ በዚህ መንገድ አያቷን ጠየቀች። አያቷ የወሎ ሰው ናቸው፤ በመንደራቸው ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ምንጩ እንደ ደረቀ ዘወትር ይናገራሉ። «እማማ፣ የደረቀው በየትኛው ዓመት ነው?» ብትላቸው «በሰባ ሰባት» አሏት። ልጅቱም 1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን መሆኑን ተምራለችና፣ ምንጩን ያደረቀው ዝናብ መጥፋቱ ነው እንጂ ዛፉ አይደለም ብላ በደስታ ጽፋ አመጣች። እኔም «በዚያ አገር ባሕር ዛፍ ያልተተከለበት ሌላ ምንጭ አልነበረምን? እርሱስ ምን ሆነ?» ብዬ መልሼ ላክኋት። አያቷ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው «እንዴታ! የላይኛው ምንጭ ነበረ እንጂ። እርሱም በሰባ ሰባት ነጥፎ ነበር። ክረምቱ ሲመለስ እርሱ ተመለሰ፤ የእኛው ግን በዚያው ቀረ» አሏት።

ልጅቱ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድዳ እንደ ገና ጻፈች። ድርሰቷ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ምሳሌያዊ አነጋገርም የለበትም። «የሰማሁት፤ ከአያቴ» ብላ ሁለቱን ምንጮች ጐን ለጐን ሥላቸዋለች፤ የተተከለው ዛፍ ስንት እንደ ነበረ አያቷ እንደማያስታውሱም ሳትደብቅ አኑራለች። እርሳቸው ግን ድርሰቱ ሲነበብላቸው «እኔስ መጀመሪያውኑ ብያችሁ አልነበረምን?» ማለትን አልተዉም አሉ።