መብራቱ ያው ነው፣ ሂሳቡ ግን ይለያያል



ለንደን የምትኖር አክስቴ ባለፈው ዕረፍት ደውላ፣ "አንተ ኢንጂነሪንግ ትማር የለ? የመብራት ድርጅት ቀይሪ፣ ይረክስልሻል ይሉኛል። ልቀይር?" አለችኝ። ሁለት ነገር ፈርታለች። አንደኛ መብራቱ እንዳይጠፋባት፣ ሁለተኛ የገባችውን ውል ማፍረስ እንዳይሆንባት። አገራችን ለቤት መብራት የሚሸጥልን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለሆነ አቅራቢ ማማረጥ አልለመድንም። ሆኖም ብዙዎቻችን ውጭ ዘመድ አለን፤ ለትምህርት የምንሄድም እንኖራለን። ስለዚህ የነገርኳትን ላካፍላችሁ።

መብራቱ ይጠፋል?

አይጠፋም። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ አቅራቢው ኃይል በጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የመስመሩ ሥራ የሌላ ድርጅት ነው። አቅራቢ ሲቀየር ምሰሶው፣ ሽቦውና ቆጣሪው ባሉበት ይቆያሉ፤ የሚቀየረው ሂሳብ የሚልከው ነው። አቅራቢው ቢከስር እንኳ ኦፍጌም የተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደንበኞቹን ወደ ሌላ ያዛውራል። እ.ኤ.አ. በ2021 ብዙ አቅራቢዎች ሲዘጉ የሆነው ይኸው ነው።

ውሉስ?

ቃልን መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ ግን ውሉ ምን ይላል? ተለዋዋጭ ዋጋ ላይ ያለ ሰው በፈለገው ጊዜ ያለ ቅጣት ይወጣል። ዋጋው ለተወሰነ ጊዜ የታሰረ ከሆነ የመውጫ ክፍያ ሊኖረው ይችላል፤ እሱም ውሉ ሊያበቃ 49 ቀን ሲቀረው አይጠየቅም። መውጣቱን የፈቀደው ውሉ ራሱ ስለሆነ ክህደት የለበትም።

ርካሹ የቱ ነው?

ሂሳቡ ሁለት ክፍል አለው፦ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈል ዋጋና፣ ምንም ባይጠቀሙ እንኳ በየቀኑ የሚቆረጥ ቋሚ ክፍያ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይሳሳታል። ለምሳሌ "ሀ" ለኪሎዋት ሰዓት 25 ፔንስ፣ ለቀን 60 ፔንስ ያስከፍል እንበል። "ለ" ደግሞ 27 እና 40 ፔንስ ያስከፍል። ብቻዋን የምትኖርና በዓመት 1,500 ኪሎዋት ሰዓት የምትጠቀም ሴት ለ"ሀ" 594፣ ለ"ለ" 551 ፓውንድ ትከፍላለች። 5,000 ለሚጠቀም ትልቅ ቤተሰብ ግን "ሀ" 1,469፣ "ለ" 1,496 ይሆናል። ስለዚህ ለጎረቤት የረከሰው ለእናንተ ላይረክስ ይችላል።

ኦፍጌም ከ2019 ጀምሮ የዋጋ ጣሪያ ያወጣል። ጣሪያው የተጣለው በእነዚህ በሁለቱ ዋጋዎች ላይ እንጂ በጠቅላላ ሂሳቡ ላይ አይደለም። ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይከፍላል።

እንዴት ይቀየራል?

1. ከሂሳብ ወረቀቱ ላይ የዓመቱን ፍጆታና የታሪፉን ስም ማውጣት።
2. በዚያ ፍጆታ የሁለት ሦስት አቅራቢዎችን የዓመት ድምር ማስላት።
3. ከአዲሱ አቅራቢ ጋር መዋዋል። ለአሮጌው የሚያሳውቀው እሱ ነው። ሐሳብ ለመቀየር 14 ቀን አለ።
4. በሚዛወሩበት ቀን የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ ማንሳት፤ የመጨረሻው ሂሳብ ቢያጨቃጭቅ ማስረጃ ይሆናል።

ተከራይም ቢሆን ሂሳቡን በስሙ የሚከፍል ከሆነ የመምረጥ መብት አለው።

አክስቴ ቀየረች። በሳምንቱ ደውላ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ መብራቱም አልጠፋ" አለችኝ። ለዓመታት ስትከፍል የኖረችው ግን ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ሳታነበው ነበር። ውጭ አገር እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ፣ ቀጥሎ ስትደውሉ የሂሳቡን ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁና አብራችሁ አንብቡት። ዝምድናን መቀጠል እንዲህም ይሆናል።