ሣጥን ውስጥ የቀረውን ታሪክ ማን ያሳትመው?

የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ምሁር ለምሁር የጻፈው፣ ተማሪም ለፈተና ካልሆነ የማያነሣው መጽሐፍ ነው። ግምቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ከእነዚህ ቤቶች የሚወጣው አብዛኛው ሥራ በእርግጥም ለባለሙያ የተዘጋጀ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1999 እና በ2002 ዓ.ም. ካሳተማቸው መጻሕፍት ጥቂቶቹን የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። የዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ለተራው አንባቢ የሚውለው ትልቁ ውለታ፣ በእኔ እምነት፣ አንባቢው ራሱ አመዛዝኖ የሚፈርድበትን ማስረጃ እጁ ላይ ማድረሱ ነው። የምሁራኑ ፍርድ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በ1999 ዓ.ም. የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ወጣ። ሰውየው በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ጋር ወደ ዐድዋ ዘምተዋል፤ ሩሲያ ሄደው የመድፍ ትምህርት ተምረዋል፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ ፋሺስት ኢጣሊያ በተነሣብን ጊዜም ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራክረዋል። እንዲህ ያለ ሰው በራሱ እጅ የጻፈው ታሪክ ለአንባቢ የደረሰው እሳቸው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» ታተመ። ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያለውን ዘመን፣ የምኒልክን የመጨረሻ ዓመታት፣ የልጅ ኢያሱን መውደቅና የሰገሌን ጦርነት ጨምሮ፣ ያየና የሰማ ሰው የጻፈው ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» እና የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሥራዎች ተከተሉ። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ የሞተ ሰው ነው። ስለ ንግድ፣ ስለ ጉምሩክና ስለ ገንዘብ ያነሣቸው ጥያቄዎች ዛሬም መልስ የሚሹ ስለሆኑ ሥራዎቹን በአንድ ጥራዝ ማግኘት ለኢኮኖሚ ተማሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የግል አሳታሚዎችም ቢሆኑ ትዝታ ያሳትማሉ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የባለሥልጣናትና የታጋዮች ማስታወሻ በየጊዜው ይወጣል፣ ጥሩ ገበያም አለው። ነገር ግን ነጋዴ አሳታሚ ያወጣውን ገንዘብ በቶሎ መመለስ አለበት። ደራሲው በሕይወት የሌለ፣ በዘመን አቆጣጠሩና በማዕረግ ስሙ አንባቢን የሚያደናግር ወፍራም ረቂቅ ሲመጣለት ቢያመነታ አይፈረድበትም። ረቂቁን ፎቶ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ መጫንም ችግሩን አይፈታውም። ደራሲው አባ ቃኘው ሲል ራስ መኮንንን፣ አባ ዳኘው ሲል ምኒልክን ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ ወጣት አንባቢ ግማሹ ታሪክ ያመልጠዋል። እጅ ጽሑፉን አንብቦ የሚገለብጥ፣ ቀኑን ከሌላ ምንጭ ጋር የሚያስተያይ፣ ማብራሪያና መጠቁም የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ በሽያጭ የማይካስ ድካም ስለሆነ የዩኒቨርሲቲ ድርሻ ነው እላለሁ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ትዝታ የሚጽፍ ሰው ራሱን ይከላከላል፤ መኳንንት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይከላከላሉ። ራስ እምሩ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመድና አብሮ አደግ ናቸው፣ ትልልቅ ጠቅላይ ግዛቶችንም ገዝተዋል። የእሳቸውን ቃል እንደ ወረደ መቀበል የዋህነት ነው። ይሁን እንጂ ወገንተኛ ምስክር ቃሉ ታትሞ ሲወጣ ነው ከሌላው ምስክር ጋር ሊጋፈጥ የሚችለው። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ረቂቅ እንደ ወሬ ይጠቀሳል፤ ማንም ገጹን ገልጦ «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» ሊል አይችልም። ተክለ ሐዋርያትና መርስዔ ኀዘን በአንድ ዘመን የኖሩ፣ ብዙውን ነገር ግን ከተለያየ ቦታ ያዩ ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው የሁለቱንም ዝንባሌ ያያል።

የደብረ ሊባኖስን ጉዳይ ብናይ ማስረጃ ምን ያህል እንደሚለውጥ ግልጽ ይሆናል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት፣ የገዳሙ መነኮሳትና ምእመናን ተባባሪ ናችሁ ተብለው በትእዛዙ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ወደ ሮም ያስተላለፈው ቁጥር ሲደመር 449 ነው። የመንግሥት ወረቀት ነውና ለብዙ ጊዜ እንደ መነሻ ተወስዷል። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል በዚሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ባሳተመው ጥናት ግን በሕይወት የተረፉትንና በአካባቢው የነበሩትን ሰዎች ቃል ከሰነዱ ጋር አገናዝቦ፣ የሟቾቹ ቁጥር ከአንድ ሺህ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል። የገዳዩ ቴሌግራም ብቻውን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ከሟቾቹ የሚበዙት በታሪክ ባልተቆጠሩም ነበር።

ስለዚህ ፕሬሱን የምወቅሰው ማስታወሻ አበዛ ብዬ ሳይሆን ክቡን አጠበበ ብዬ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው አራቱም ደራሲዎች ወንዶች ናቸው፤ አራቱም ከቤተ መንግሥት ወይም ከመንግሥት ሥራ የራቁ አልነበሩም። ስንቅ ያዘጋጀችው ሴት፣ ገባሩ፣ ሲራራ ነጋዴው፣ የአርበኛው አሽከር ማስታወሻ ጽፈው ሣጥን ውስጥ አላስቀመጡም። የእነሱን ቃል ካምቤል እንዳደረገው ሄዶ መቅዳት፣ ማነጻጸርና በአማርኛም ሆነ በተናገሩበት ቋንቋ ማሳተም ይጠይቃል። የጣሊያንን ወረራ በአዋቂነት ዕድሜ ያየ ሰው ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። የ1966ቱን አብዮት፣ የ1967ቱን የመሬት አዋጅና የ1977ቱን ድርቅ በየመንደሩ ያዩት ግን አሁንም አሉ፤ ብዙዎቹም ዕድሜያቸው ገፍቷል። የፕሬሱ ቀጣይ መጽሐፍ የእነሱ ቃል ሊሆን ይገባል፤ መቅጃውም ዛሬ መነሣት አለበት።