ቪትዟ ወይስ የቻይናዋ? የመጀመሪያ መኪና ገዢ አዲስ ሒሳብ

ወደ አዲስ አበባ የመኪና ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል። አንደኛው ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ ሲሆን ሁለተኛው ከወንድሙ፣ ከሥራ ባልደረባውና ከሠፈሩ መካኒክ የሰማው ምክር ነው። ገንዘቡ አቅሙ በየጊዜው ሲቀንስ ምክሩ ግን ሳይለወጥ ቆይቷል፤ ያገለገለች ቶዮታ ግዛ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ንዳት፣ ከዚያ ከገዛህበት በላይ ትሸጣታለህ የሚል ነው።

ምክሩ ውሸት አልነበረም። በሌላው አገር መኪና ከመሸጫ አዳራሹ በር እንደወጣ ዋጋው መውረድ የሚጀምር ዕቃ ሲሆን እዚህ ግን እንደ ቦታና እንደ ወርቅ ገንዘብ የሚቀመጥበት ንብረት ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ ከመኪናው ብረት ውስጥ ሳይሆን ከምንዛሪውና ከቀረጡ የመጣ ነው። በ1985 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተተመነ። በጥቅምት 2010 ብር በአንድ ጊዜ በ15 በመቶ ወረደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእያንዳንዱ ጊዜ ግቢው ውስጥ የቆመችው አሮጌ መኪና ምንም ሳትሠራ በብር ቁጥር ተወደደች።

ቀረጡም የራሱን ሥራ ሠርቷል። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በነበረው አሠራር የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ፣ ኤክሳይዝ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ ሱር ታክስ 10 በመቶ እርስ በርሳቸው እየተደራረቡ ሲሰሉና 3 በመቶው ቅድመ ግብር ሲታከልበት፣ ሞተሯ እስከ 1300 ሲሲ የሆነች መኪና 125 በመቶ ያህል ትከፍል ነበር። ከ1300 እስከ 1800 ሲሲ 176 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 244 በመቶ ይደርስ ነበር። መኪናው አዲስም ይሁን አሮጌ የማስከፈያው ልክ አንድ ነው። ስለዚህ አስመጪው መነሻ ዋጋዋ ትንሽ የሆነችውን አሮጌ መርጦ ያመጣል፤ ገዢውም ያችኑ ይሻማል።

ይህ ሁሉ ግን በሁለት እርምጃ ተገለበጠ። በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአነስተኛ አዲስ መኪና ላይ የነበረውን 30 በመቶ ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ ግን እስከ 500 በመቶ ጫነ። አሮጌ መኪና ማስመጣት በዚያው አበቃ ማለት ይቻላል። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የመጀመሪያው እርምጃ አሮጌውን፣ ሁለተኛው አዲሱን ዘጋ። ዛሬ ደላላ የሚያሳየው ያገለገለ የቤንዚን መኪና በብዛት ከዚያ በፊት የገባ፣ ምትክ የሌለው፣ በየዓመቱ የሚያረጅ መንጋ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአንጻሩ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም በተሰጠ ውሳኔ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር። ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል የተበተነው 5 በመቶ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚመጣው ምንም እንዳይከፍል ተወሰነ። በዚህም ምክንያት አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ የሚለው የጥንት ጥያቄ መልኩን ቀይሮ፣ ያረጀ የቤንዚን ወይስ አዲስ የኤሌክትሪክ የሚል ሆኗል።

የኤሌክትሪክ መኪና ሻጮች በቅድሚያ የሚያነሡት የነዳጅ ወጪን ነው፤ ነገሩም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። የወረፋው ነገር ሲታከልበት ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሆኖም ነጋዴ የሆነ ሰው ሒሳቡን እስከ መጨረሻው መሥራት አለበት።

ለአብነት ያህል ቤቱ አያት፣ ሱቁ መርካቶ የሆነ ሰው ይወሰድ። ደርሶ መልሱንና ልዩ ልዩ ጉዳዩን ጨምሮ በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ይነዳል፤ 12,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ አንዲት ትንሽ የቤንዚን መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ብትጠጣ በዓመት 960 ሊትር ይሆናል። ሊትሩ በ100 ብር ሲታሰብ 96,000 ብር ነው። የኤሌክትሪኳ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ብትወስድ 1,920 ኪሎ ዋት ሰዓት ትፈጃለች። የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር የተወሰነ በመሆኑ ኪሎ ዋት ሰዓቱ አሥር ብር ይገባል ተብሎ በሰፊው ይታሰብ፤ ያም ቢሆን 19,200 ብር ነው። ልዩነቱ በዓመት 76,800 ብር ይሆናል።

ይህ ገንዘብ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪና ካገለገለችዋ በአንድ ሚሊዮን ብር ብትበልጥ፣ ያ አንድ ሚሊዮን ብር ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ተደርጎ በተተመነው 7 በመቶ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 70,000 ብር ያስገባል። የነዳጁ ቁጠባና የወለዱ መጠን አንድ ላይ ደረሱ ማለት ነው። የመርካቶ ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡን በ7 በመቶ አያስቀምጥም። አንድ ሚሊዮን ብር ሸቀጥ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ የሚያገላብጥ ሰው፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ የሥራ ማስኬጃውን በጎማ ላይ ቢያስቀምጠው ኪሣራው ከቤንዚን ማደያው አይታይም፤ ከመደርደሪያው ባዶነት ነው የሚታየው። በአንጻሩ በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ፣ ዕቃ የሚያደርስ ወይም ተሳፋሪ የሚጭን ሰው በዚሁ ስሌት በዓመት 192,000 ብር ያተርፋል። ለእሱ አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋዋን ለመመለስ የምትሠራ መሣሪያ ናት። ስለዚህ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት የኪሎ ሜትሩ ነገር ነው።

ያገለገለችውን ለመረጠ ሰው ፈተናው ሌላ ነው። ቪትዝ በጃፓን ለገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በአዲስ አበባ የሚሸጡት በርካቶቹ የመጀመሪያው ትውልድ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት አልፏል። ብዙዎቹም መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በዱባይ የዞረ ነው። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ በችኮላ ከተሠራ ግን የዳሽቦርዱ መጋጠሚያና የመሪው አካል ያጋልጡታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን የዋህነት ነው። ከቆጣሪው ይልቅ የፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር እውነቱን ይናገራሉ። 60,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች መኪና የፍሬን ፔዳሏ ተልጦ ብረቱ ከታየ ቁጥሩን አንድ ሰው ዝቅ አድርጎታል ማለት ነው። ላሜራው ላይ ማግኔት አስጠግቶ የማይዝበትን ቦታ መፈለግም ቀላል ዘዴ ነው፤ ከቀለሙ በታች ስቱኮ መኖሩን ያመለክታል። ሞተሯ ጠዋት በብርድ ሲነሣ መታየት አለበት፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። መካኒኩ ደግሞ ገዢው ራሱ ከፍሎ ያመጣው እንጂ ደላላው የጠራው መሆን የለበትም። ጥቂት ሺህ ብር ለመቆጠብ ሲባል ይህ ሲዘለል፣ ከሁለት ወር በኋላ ሞተር ማውረድ ይመጣል።

ከብረቱ በላይ ሰው የሚያስለቅሰው ግን ወረቀቱ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናዋ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት። ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ዕዳና ዕገዳ አለመኖሩ ይጣራል፤ በባንክ ብድር የተያዘች መኪና በመልኳ አትታወቅምና። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል ስሟ አይዛወርም። ዋጋዋ ከሌሎቹ ጎልቶ የቀነሰ ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ሊሆን ይገባል።

በገበያው ውስጥ ሥር የሰደደው ሌላው ነገር በውክልና መግዛት ነው። ስም ለማዛወር የሚወጣውን የቴምብር ቀረጥና ውጣ ውረድ ለማስቀረት ሻጩ ውክልና ይሰጥና መኪናዋ በቀድሞው ባለቤት ስም እየተነዳች ትኖራለች። አንዳንዷ ሦስትና አራት እጅ ስትዘዋወር ሊብሬዋ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሚነዳት እንኳ አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞትም ውክልናው ይቋረጣል። በዚያን ጊዜ ገዢው የሚደራደረው ከሸጠለት ሰው ጋር ሳይሆን ከወራሾች ጋር ነው። የመጀመሪያ መኪናውን የሚገዛ ሰው የስም ማዛወሪያውን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምሮ ቢያስብና የመጨረሻውን ክፍያ ስሙ ከዞረ በኋላ ቢያደርግ እንቅልፉን ያገኛል።

አዲሷ መኪናም ቢሆን ከጣጣ ነፃ አይደለችም። በመጀመሪያ የት ልትሞላ ነው? ግቢ ያለው ሰው በተራ 220 ቮልት ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞላ በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያገኛል። ለ40 ኪሎ ሜትር የሚሆነው በሦስት ሰዓት ይገባል፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ግን ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ለዕለት ሥራ የሌሊቱ በቂ ነው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ግን ገመዱን በመስኮት ሊያወርድ አይችልምና ከመግዛቱ በፊት ከሕንፃው ኮሚቴ ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ አዲስ የሚለው ቃል ራሱ ነው። በቻይና አንድ ጊዜ ታርጋ ወጥቶላቸው ሳይነዱ እንደ ያገለገለ ወደ ውጭ የሚላኩ ባለ ዜሮ ኪሎ ሜትር መኪናዎች ጉዳይ በ2017 ዓ.ም. በዚያው በቻይና መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። አምራቾች ለባትሪ በተለምዶ የሚሰጡት ዋስትና ስምንት ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሆኖም ዋስትናው መቆጠር የሚጀምረው ከመጀመሪያው ሽያጭ ሲሆን፣ ለቻይና ገበያ የተሠራችውን መኪና እዚህ ማን እንደሚያስተናግዳት ሌላ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት ዋስትና አለ ወይ ብሎ አይደለም። ሰጪው ማን ነው፣ በየትኛው ጋራዥ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ የሚለው በጽሑፍ ይሰጠው። የፈጣን መሙያው ሶኬት የቻይናው ዓይነት ይሁን የአውሮፓው፣ የማያ ገጹ ጽሑፍም ቻይንኛ ብቻ መሆን አለመሆኑ በዚያው ይታያል። የቪትዝ መለዋወጫ ሶማሌ ተራ በአንድ ቀን ይገኛል፤ የማያውቁት ስም ያላት መኪና የፊት መብራቷ ቢሰበር ስንት ወር እንደምትቆም ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሆላንድ ካር አባይ የተባለችውን መኪና እየገጣጠመ ሲሸጥ ቆይቶ በ2005 ዓ.ም. ግድም ሲከስር መኪናዎቹ መንገድ ላይ፣ አምራቹ ግን ከገበያ ውጪ ሆነው ቀርተዋል።

ሦስተኛውና ነጋዴውን ይበልጥ የሚመለከተው የመሸጫው ዋጋ ነው። በቻይና አምራቾች በዋጋ ቅነሳ ሲሽቀዳደሙ በየዓመቱ ባትሪው የተሻለ፣ ዋጋው ያነሰ ሞዴል ይወጣል። ብር ቢወርድ ዋጋዋን ሊደግፋት ይችላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ግን ይጎትታታል። በአዲስ አበባ በባለቤቷ እጅ ሳለች ልትረክስ የምትችል የቤት መኪና ስትመጣ ይህች የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። ቪትዟም ብትሆን ተቀባይ የምታገኘው ቤንዚኑ፣ ዕድሜዋና ሕጉ እስከፈቀዱላት ድረስ ብቻ ነው። ከገዛህበት በላይ ትሸጣታለህ የሚለው ምክር ከሁለቱም ወገን ዋስ አጥቷል።

በመካከል ግን ብዙ ገዢ ሳያያት የሚያልፋት መኪና አለች። ከ2012 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ፣ ከ2016 ክልከላ በፊት በ5 በመቶ ኤክሳይዝ አዲስ ሆነው የተሸጡ እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ያሉ ባለ 1200 ሲሲ መኪናዎች ማለት ነው። መሪያቸው አልዞረም፣ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ሊብሬው ላይ አለ፣ የሰርቪስ ደብተራቸውም እዚሁ ነው ያለው። ከቪትዝ ብዙ ዓመት ያንሳሉ፤ ከኤሌክትሪኳ ጋር ሲነጻጸሩ ደግሞ በማንኛውም ጋራዥ ይከፈታሉ። የአያቱ ነጋዴ በቀን 40 ኪሎ ሜትሩን ይዞ ወደ ገበያ ሲወጣ ደላላው መጀመሪያ እንዲያሳየው መጠየቅ ያለበት እነዚህን ነው። የደላላው ኮሚሽን በየትኛዋም መኪና ያው ስለሆነ፣ ሳይጠየቅ የሚያሳየው ቶሎ የምትሸጥለትን ነው።