ግድግዳው ወፈረ፣ ዋይፋዩ ቀጠነ



በጂንካ ከዒሻ ሶላት በኋላ በየሰፈሩ ያለፈ ሰው በየበረንዳው ስልክ ይዘው የተቀመጡ ወጣቶችን ያያል። ነፋስ ሊቀበሉ የወጡ ይመስላሉ። ብዙዎቹን ያወጣቸው ግን ዋይፋይ ፍለጋ ነው። ራውተሩ ሳሎን ተቀምጧል፤ የሚያጠኑበት ክፍል ደግሞ ከሳሎኑ በሁለት ግድግዳ ተለይቷል። ጅዳ ካለች ልጇ ጋር በቪዲዮ የምትነጋገር እናትም ምስሉ ሲቆራረጥባት ስልኩን ከፍ አድርጋ ከክፍል ክፍል ትዞራለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ልጆቻችን ቤታቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት መለማመድ መቻላቸው እንደ ቅንጦት የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ለአንድ ወርኃዊ ክፍያ የገባው ኢንተርኔት ሳሎን ላይ ጠግቦ ጓዳ ላይ የሚራበው ለምንድን ነው?

የዋይፋይ ሞገድ ከብርሃን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ሆኖ ኪታብ አል-መናዚርን ያዘጋጀው የባስራው ኢብኑ አል-ሀይሠም ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ በጨለማ ክፍልና በትንሽ ቀዳዳ አሳይቶ ነበር። ሞገዱም እንዲሁ የተከፈተ በር ሲያገኝ በቀላሉ ያልፋል፣ ብረት ሲያገኝ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ልዩነቱ ርዝመቱ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው የዋይፋይ ሞገድ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ብርሃን የማያልፈውን ግድግዳ ሞገዱ ተዳክሞም ቢሆን ያልፋል። ረጅሙ ሞገድ ግድግዳ ላይ ይበረታል፤ አጭሩ ፈጣን ነው፣ ግን ቶሎ ይደክማል። ብዙ ራውተር ሁለቱንም ያሰራጫል፣ አንዳንዱም ከስሙ ጫፍ «5ጂ» የሚል ይለጥፋል። ይህ ከሞባይሉ 5ጂ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በስሙ ተታለው እሱን ብቻ የሚመርጡና «ጓዳ አይደርስም» ብለው የሚያማርሩ አሉ። ለሩቁ ክፍል 2.4ቱን ይምረጡ።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። ከማገርና ከጭቃ በጭድ የተሠራው የአገራችን ቤት ደረቅ እስከሆነ ድረስ ለሞገድ ያን ያህል ክፉ አይደለም። ውኃ ግን ሞገድ ይውጣል፤ ግድግዳው እርጥበት ሲጠጣ ዋይፋዩም አብሮ ይቀንሳል። ውስጡ ክፍት የሆነው ብሎኬት መካከለኛ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት ነው፤ ፎቅ ቤት ያላቸው ራውተሩን ምድር ላይ አኑረው ላይኛው ክፍል የሚቸገሩት በሶሌታው ምክንያት ነው። የድንጋይ ቤትም ቀላል አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት ጥንታዊ ቤቶች በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ፣ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ሙቀትና ጩኸት የማያስገባው ያ ግድግዳ ዋይፋይንም አያሳልፍም።

ነገር ግን ውፍረት ብቻውን ፈራጅ አይደለም። በታችኛው ኦሞ፣ በዳሰነች ወረዳ፣ በቆርቆሮ የተሸፈኑ ጎጆዎች ይታያሉ። የቆርቆሮው ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ሆኖም ግማሽ ሜትር ከሚሆን ደረቅ ጭቃ ይልቅ ሞገድ ያግዳል። እኛም በጂንካ የብረት በር፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ትልቅ መስተዋትና ፍሪጅ ስናስቀምጥ ይህን ልናስብ ይገባል።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት አንድ ፍተሻ አለ። ስልክዎን ይዘው ከራውተሩ ሁለት ሜትር ላይ ቆመው ፍጥነቱን ይለኩ። እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ የመስመሩ እንጂ የግድግዳዎ አይደለም፤ የትኛውም ዕቃ አያድንዎትም። የማውቀው አንድ ቤተሰብ ከአንድ ሱቅ ሪፒተር ገዝቶ ነበር፤ ኋላ ሲታይ ሳሎኑም ውስጥ ፍጥነት አልነበረም። ራውተሩ አጠገብ ጥሩ ሆኖ ጓዳ ሲደርስ ከወደቀ ግን ጥፋቱ የግድግዳው ነው። የሞገዱን ጉልበት በቁጥር የሚያሳዩ ነጻ መተግበሪያዎች አሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይነበባል፤ ከ50 በታች ጥሩ፣ 67 አካባቢ ለቪዲዮ የሚበቃ፣ 80 ሲደርስ ደካማ ነው። ቁጥሩ በ10 ሲጨምር ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል ማለት ነው።

ቀጥሎ የራውተሩ ቦታ ነው። በብዙ ቤት ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ቡፌ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ዳንቴል ለብሶ ይገኛል። ዳንቴሉ ሞገድ አይከለክልም፤ ራውተሩን ግን ያሞቀዋል። የቴሌቪዥኑ ጀርባና የቡፌው መስተዋት ግን ይከለክላሉ። አውጥተው ከሰው ቁመት ከፍ ባለ ቦታ፣ ከተቻለ በኮሪደሩ በር ትይዩ ያስቀምጡት። ሞገዱ ግድግዳውን ፊት ለፊት ቢያቋርጥ ይሻለዋል፤ በአግድሞሽ ከመጣ የሚጓዝበት ይረዝማል፣ ተንጸባርቆ የሚመለሰውም ይበዛል። በሲም የሚሠራ ራውተር ያላቸው ደግሞ ሁለት ግድግዳ አለባቸው፤ የውጭውን ኔትወርክ የሚያግደውና የውስጡን ዋይፋይ የሚያግደው። እነሱ ራውተሩን በመስኮት አጠገብ አኑረው ወደ ውስጥ በኬብል ቢገቡ ይበጃል።

በእኔ አስተያየት ለወፍራም ግድግዳ ከኬብል የሚበልጥ መድኃኒት የለም። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል፤ ለኮርኒስ ውስጥም ለግድግዳ ቀዳዳም ቀጭን ነው። ሲገዙ ውስጡ መዳብ መሆኑን ይጠይቁ፤ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባው ርካሽ ነው፣ ግን ደካማ ነው። ጫፉ ላይ የድሮ ራውተር ካለዎት አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው አድራሻውን ከዋናው የተለየ ያድርጉት፣ አድራሻ የማከፋፈሉን ሥራ (ዲኤችሲፒ) ያጥፉ፣ ኬብሉን ወደ ውስጥ መስመሩ ቀዳዳ ይሰኩ። የዋይፋይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን እንደ ዋናው ይስጡት። ቻናላቸው ግን ይለያይ፤ አንዱ 1፣ ሌላው 6 ወይም 11።

ኬብል ማሳለፍ የማይቻልበት የኪራይ ቤት ሪፒተር ሊገዛ ይችላል። ብዙ ሰው ሪፒተሩን የሚሰካው ዋይፋይ በሌለበት ክፍል ነው፤ የሌለውን ምን ብሎ ይደግማል? ቦታው መንገድ ላይ፣ ሞገዱ ገና ሳይደክም ነው። በዚያም ላይ ርካሹ ዓይነት በአንድ ሞገድ ስለሚሰማና ስለሚናገር ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ላይ ለሚያጠኑ ልጆች ኬብል የሚዘረጉ ወላጆች መብረቅን ያስቡ። ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ የተወጠረ የመዳብ ኬብል ነጎድጓድ ሲኖር አደጋ ነው፤ ነጎድጓዱ ከመቃረቡ በፊት ቢነቅሉት ይሻላል። ፀሐይም የቤት ውስጥ ኬብልን ልባስ ስለምትሰነጥቅ የውጭውን ዓይነት መግዛት ወይም በቱቦ ማሳለፍ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ለጥቂት ሰዓት የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ በገበያ አለ፤ ቮልቱ ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር፣ 9 ወይም 12፣ መግጠም አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል። ዋይፋይ በየክፍሉ ሲደርስ ልጆች ከሳሎን ወደየክፍላቸው ይገባሉ፤ ወላጅ የሚያየው በር ብቻ ይሆናል። አንዳንድ አባቶች ለዚህ ሲሉ ግድግዳውን ይወዱታል። እኔ ግን ልጅ በረንዳ ላይ ከሚያመሽ ክፍሉ ቢሆን እመርጣለሁ። በብዙዎቹ ራውተሮች መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ የሰዓት ገደብ ማበጀት ይቻላል፤ ሁለተኛው ራውተር ደግሞ መኝታ ሰዓት ሲደርስ ከሶኬቱ ይነቀላል፣ ሳሎኑ ላይ ያለው ሳይቋረጥ።