የጋምቤላ ወደብ፤ ታሪኩና ጠባዩ

ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አንሥቶ እስከ ጎሬና እስከ ደምቢ ዶሎ ድረስ ያለው ደጋማ አገር የቡና ጫካ አገር መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይኸው አገር ቡናውን ወደ ውጭ የሚያወጣበት ወደብ በአጠገቡ እንደ ነበረው ግን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ወደቡ ከባሕር እጅግ የራቀ፥ በወንዝ ዳር የተቈረቈረ ትንሽ ከተማ ነበር፤ ስሙም ጋምቤላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ወደቡ እንዴት እንደ ተቋቋመ፥ በምን እንደ ኖረና በተቋቋመበት ውል ውስጥ ማብቂያው አብሮ እንዴት እንደ ተጻፈ ነው።

ጋምቤላ የሚገኘው ባሮ ከደጋው ወርዶ ሜዳ በሚይዝበት፥ ጀጀቤ የተባለው ትንሽ ወንዝ ከእርሱ ጋር በሚቀላቀልበት ስፍራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ሲሆን የጎሬ ከፍታ ግን ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ በቡሬ በኩል የሚወርድ ነጋዴ ከጉምና ከዝናብ አገር ወጥቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ከቈላው ሙቀት ይገባ ነበር። ከጋምቤላ በታች ባሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከማላካል በስተ ደቡብ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በሚዛን ተፈሪ አቅራቢያ የሚመነጨው ጊሎም ወደ ፒቦር ስለሚፈስ፥ ከእነዚህ የቡና ተራሮች ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ሁሉ በካርቱም በኩል ያልፋል ማለት ነው።

በዚህ የውሃ መንገድ በመጀመሪያ የተጠቀመው ነጋዴ ሳይሆን ጦር ነው። በሰኔ 1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ተሰማ ናደው ያዘመቱት ሠራዊት ባሮንና ሶባትን ተከትሎ እስከ ነጭ ዓባይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የቈላው ንዳድ ስላላስቀመጠው ተመለሰ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወሰን ውል ተዋዋሉ። የውሉ አራተኛ አንቀጽ በኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር፥ በወንዙ በኩል ከ2000 ሜትር የማይበልጥ፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያነት በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይህም ሁለት ገደብ ነበረበት። አንደኛው መሬቱ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ነው። ሁለተኛው ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። ይህን ሁለተኛውን ገደብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ኢታንግ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ዝቅተኛ ስፍራ ነው። ጋምቤላ ግን ወደ ደጋው የቀረበ ስለሆነ ጣቢያው በ1904 በዚያ ተከፈተ። ስፍራው ግን ባዶ አልነበረም። አኝዋኮች ወንዙ ሲጐድል ርጥበት በተረፈበት ዳርቻ ማሽላና በቈሎ እየዘሩ፥ ዓሣም እያጠመዱ ይኖሩበት ነበር። ስለ ጣቢያው በሚናገረው አንቀጽ ውስጥ የእነርሱ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። በእኛ አስተያየት የጋምቤላን ታሪክ የሚመረምር ተማሪ ከዚህ ዝምታ ቢጀምር መልካም ነው።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ፤ የከተማው ጠባይ የሚገለጠው በዚህ ነውና። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በፀሐይ ከደረቀ በኋላም በበቅሎና በሰው ሸክም የሚወርደው በበጋ፥ ማለት ጭቃው ሲደርቅና ወንዞች ሲጐድሉ ነበር። የእንፋሎት መርከብ ግን ባሮን ሽቅብ መውጣት የሚችለው ወንዙ ሲሞላ፥ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ነው። እንግዲህ ለነጋዴ የተመቸው ወራት ለመርከብ የማይመች፥ ለመርከብ የተመቸውም ለነጋዴ የማይመች ሆነ። በዚህ ምክንያት ከደጋው የወረደው ቡና ወንዙ እስኪሞላ ድረስ በመጋዘን ተከማችቶ ይጠብቃል። ከካርቱም የመጣውም ጨውና አቡጀዲ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እንደዚሁ ይቀመጣል። ጋምቤላ ከገበያ ይልቅ የመጋዘን ከተማ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ይህ መጠበቅ ማን ነጋዴ እንደሚሆን ወሰነ። ገንዘቡን ለወራት በጆንያ ውስጥ አስሮ መቈየት የሚችለው ብድር የሚያገኝ ሰው ነው። ስለዚህ በወደቡ የጐሉት ግሪኮችና ሶርያውያን፥ ከእነርሱም በላይ በሱዳን የተመሠረቱ የእንግሊዝ የንግድ ቤቶች ሆኑ። አገሬው ነጋዴ ቡናውን፥ ሰሙንና ቆዳውን አስረክቦ ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። በቈላው ገንዲ ይኖራልና በቅሎ ቢሞትበት ኪሳራው የራሱ ነው። ተሸካሚውም በንዳድ ቢታመም እንዲሁ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የ1904–1935ን የጋምቤላ ንግድ በሰፊው መርምረው ጽፈዋል። የወደቡን የሒሳብ ቍጥር የሚፈልግ አንባቢ ወደ እርሳቸው ሥራ ቢሄድ ይሻላል።

ወደቡ ተቀናቃኝም ነበረው። ውሉ በተፈረመበት በ1902 ዓመት ማብቂያ የምድር ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ደረሰ። በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ባቡር ወንዝ እስኪሞላ አይጠብቅም። ከጅማ በኩል የሚወጣው ቡና ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ ዞረ። የጎሬና የደምቢ ዶሎ ቡና ግን ከባሮ ሌላ ቅርብ በር ስላልነበረው ጋምቤላን አልተወም።

ጦርነት በመጣ ጊዜ የውሉ አንደኛው ገደብ ፈረሰ። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ከሄዱ በኋላ በጎሬ ጊዜያዊ መንግሥት ቆሞ ነበር፤ እርሱም በዚያው ዓመት በኅዳር በጣሊያኖች እጅ ወደቀ። በ1941 በመጋቢት የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ጋምቤላን ያዙ። ቀጥለውም የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች በዚሁ በኩል ወደ ደጋው ወጥተው፥ በሐምሌ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ በደምቢ ዶሎ እጁን ሰጠ። አኝዋኮችን በ1935 መጥቶ ያጠናው ምሁር ኤቫንስ ፕሪቻርድ እንኳ በዚህ ጦርነት ጊዜ የአኝዋክ ተዋጊዎችን ይመራ ነበር። ለፖለቲካም ለጦርም አይውልም የተባለው ወንዝ ዳር የሁለቱም መንገድ ሆነ።

ሁለተኛው ገደብ ግን እንደ ተጻፈ ተፈጸመ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃነቷን ባወጀች ጊዜ የኪራዩ መሠረት ጠፋና ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። መሬቱ ለባለቤቱ መመለሱ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም መርከቦቹን፥ ገበያውንና ብድሩን ይዞት የነበረው የካርቱም ወገን ስለ ነበረ፥ ኢትዮጵያ የተረከበችው ንግዱ የራቀውን ወደብ ሆነ። በ1955 የተነሣው የደቡብ ሱዳን ጦርነትም ወንዙን ለነጋዴ አስፈሪ አደረገው። በዚህ መካከል የመኪና መንገድ በጅማና በነቀምት በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ጭነት እያበዛው ሄደ።

ዛሬ ጋምቤላ የክልል ርእሰ ከተማ ናት፤ አኝዋክ፥ ኑዌርና ከደጋ የመጡ ሰዎች አብረው ይኖሩባታል። ከወደብነቷ ዘመን ይልቅም እጅግ ሰፍታለች። የቴፒና የሚዛን ቡና ግን ወደ እርሷ አይወርድም። በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ባሮን የሚሻገሩትም መኪናዎች በድልድዩ ላይ ያልፋሉ እንጂ በታቹ ጭነት የሚጠብቅ መርከብ የለም።