ላሊበላ፤ ድርብ ልደት የሚከበርባት ከተማ

በላስታ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው የላሊበላ ከተማ ስፋቷ ትንሽ፣ ስሟ ግን ታላቅ ነው። ቀድሞ ሮሐ ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የዛሬ መጠሪያዋን ያገኘችው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ከነገሡት ከቅዱስ ላሊበላ ነው።

የገና በዓል በላሊበላ ድርብ ነው። የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት በሚከበርበት ዕለት የቅዱሱ ንጉሥ ልደትም አብሮ ይታሰባል። ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ቀናት በእግራቸው ተጉዘው የሚመጡ ምእመናን የአብያተ ክርስቲያናቱን ዙሪያ በነጭ ልብስ ያለብሱታል። በቤተ ማርያም በሚፈጸመው የ«ቤዛ ኩሉ» ሥርዓት ካህናቱ ከፊሎቹ ከዓለቱ ጠርዝ፣ ከፊሎቹ ከታች ከግቢው ቆመው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው።

11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ የእሳተ ገሞራ ዓለት የተፈለፈሉ ናቸው። ጠራቢዎቹ እንደ ግንበኛ ከመሠረት አልጀመሩም፤ ከጣሪያው ተነሥተው ወደ ታች ወረዱ እንጂ። በመስቀል ቅርጽ የተጠረበው ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው ቆሟል። ቅርሱ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይሁን እንጂ ዓለቱ ልስልስ ነው፤ የክረምቱ ዝናብ በስንጥቆቹ እየሰረገ ያዳክመዋል። ይህንኑ ለመከላከል በ2008 (እ.ኤ.አ.) በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ጊዜያዊ መጠለያዎች ተሠሩ። ዛሬ ግን ካህናቱንና ነዋሪውን የሚያሳስበው የመጠለያዎቹ ክብደት ራሱ ነው።

ሌላው አደጋ ከሰው እጅ የሚመጣው ነው። የቤተ መድኃኔ ዓለም ንዋየ ቅድሳት የሆነው «አፍሮ አይገባ» የተባለው የወርቅ መስቀል በ1997 (እ.ኤ.አ.) ተሰርቆ እስከ ቤልጅየም ተሻገረ፤ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከአገር ወጥተው ያልተመለሱ ንዋያተ ቅድሳት ግን ብዙ ናቸው።

በላሊበላ ቅዳሴው ዛሬም አልተቋረጠም። አባቶች በመዶሻና በመሮ ያቆሙልንን ቤት ከዝናቡም ከሌባውም ጠብቆ ለልጆች ማስረከብ የዚህ ትውልድ አደራ ነው።