የባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ሞተርን ለውድድር ማሻሻል

ባለ ሁለት ምት ሞተርን ለውድድር ማሻሻል ማለት የሲሊንደሩን ይዘት ሳይጨምሩ፣ 50 ወይም 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ እንደሆነ፣ ፋብሪካው ከሰጠው የበለጠ ጉልበት እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ሥራው በዋናነት የሚያርፈው በሲሊንደሩ መስኮቶች፣ በማርሚታው፣ በቴስታታው እና በካርቡራተሩ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ እንደሚታየው ባለ ከፍታ ቦታ ላይ ሲሆን ደግሞ የአየሩ መሳሳት ስሌቱን ሁሉ ይነካል።

አሠራሩ

ባለ አራት ምት ሞተር ጋዝ የሚያስገባውና የሚያስወጣው በቫልቮች ነው። ተራው ባለ ሁለት ምት ሞተር ቫልቭ የለውም፤ ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተቀረጹትን መስኮቶች ይከፍታል፣ ይዘጋል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ስለሚተኩስ ከትንሽ ይዘት ብዙ ጉልበት ይሰጣል።

ፒስተኑ ሲወርድ በመጀመሪያ የጭስ መውጫውን መስኮት ይገልጣል፣ የተቃጠለውም ጋዝ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ የማስተላለፊያ መስኮቶቹ ይከፈታሉ፤ ከፒስተኑ በታች ባለው የክራንክ ክፍል ውስጥ የታመቀው አዲስ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በእነርሱ በኩል ወደ ላይ ይገባል። ችግሩ በዚህ ጊዜ የጭሱ መስኮት ገና ክፍት መሆኑ ነው። ከአዲሱ ድብልቅ ከፊሉ ሳይቃጠል ይወጣል። አሮጌ ቬስፓ ቤንዚን የሚያባክነውና የሚሸተው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ጊዜው እጅግ አጭር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር የሚፈጀው 5.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የማስተላለፊያ መስኮቶቹ ለ130 ዲግሪ ያህል ክፍት ቢሆኑ፣ አሮጌው ጋዝ ተጠርጎ አዲሱ መግባት ያለበት ከ2 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

መስኮቶቹ

የጭስ መውጫው መስኮት የላይኛው ጠርዝ ከፍ ሲደረግ መስኮቱ ቀድሞ ይከፈታል፣ ዘግይቶም ይዘጋል። ለመንገድ የተሠራ ሞተር ከ160 እስከ 170 ዲግሪ ገደማ ይከፍተዋል፤ የውድድር ሞተር 190 ዲግሪና ከዚያ በላይ። በዚህ ለውጥ የጉልበቱ ጣሪያ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል፣ ከታች ያለው ጉልበት ደግሞ ይሞታል። አሽከርካሪው ከቆመበት ለመነሳት ፍሪሲዮኑን ማንሸራተት፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይገደዳል።

በትንሽ ሞተር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ ነው። በሞረድ የተነሳ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይለጠፍም። ስለዚህ አዋቂ ባለሙያ በመጀመሪያ ሲሊንደሩን በወረቀት ላይ ያትማል፣ ይለካል፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ይሞርዳል። መስኮቱን ወደ ጎን ማስፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን ስፋቱ ከሲሊንደሩ ዲያሜትር 70 በመቶ ወደሚሆነው ሲጠጋ የፒስተኑ ቀለበት ወደ መስኮቱ እየተለጠጠ ጠርዙን ይይዛል፣ ይሰበራልም። ጠርዞቹ በጥንቃቄ ካልተለሰለሱ ቀለበቱ ከዚህ ባነሰ ስፋትም ሊሰበር ይችላል።

ማርሚታውና የቾፓው መሐንዲስ

የባለ ሁለት ምት ሞተር ትልቁ ምሥጢር ያለው ከሞተሩ ውጭ፣ በማርሚታው ውስጥ ነው። ይህን ከማንም በላይ አጥርቶ ያሳየው የምሥራቅ ጀርመኑ መሐንዲስ ዋልተር ካደን (1919–1996 እ.ኤ.አ.) ነው። ካደን በቾፓው ከተማ በሚገኘው የኤምዜድ ፋብሪካ የውድድር ክፍሉን ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መራ። ገንዘቡም ቁሳቁሱም ትንሽ ነበር።

የውድድር ማርሚታ እንደ ተራው ቱቦ ወጥ አይደለም። ከሲሊንደሩ ሲወጣ ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ መሐል ላይ ያብጣል፣ ከዚያ እንደገና ጠብቦ በቀጭን ቱቦ ያልቃል። መስኮቱ ሲከፈት የሚፈነዳው የግፊት ሞገድ በሚሰፋው ክፍል ሲያልፍ ወደ ኋላ የመምጠጥ ሞገድ ይልካል፤ ይህም አሮጌውን ጋዝ ከሲሊንደሩ ይስባል፣ አዲሱንም ከታች ይጎትታል። ሞገዱ ወደሚጠበው ክፍል ሲደርስ ደግሞ ነጥሮ በግፊት ይመለሳል። መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ከደረሰ፣ ወደ ማርሚታው ሸሽቶ የነበረውን አዲስ ድብልቅ ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ሞተሩ ያለ ምንም ተጨማሪ ማሽን በገዛ ጭሱ ይሞላል ማለት ነው።

ካደን ይህን ማርሚታ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ከሚዞር የመግቢያ ዲስክ ጋር አጣመረው። በ1961 እ.ኤ.አ. የኤምዜድ 125 ሞተር በደቂቃ 10,800 ዙር ላይ 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ነው፤ አየር በኃይል ሳይጨመርለት በራሱ የሚስብ ሞተር እዚህ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የዓለም ሻምፒዮናውን ይመራ የነበረው የኤምዜድ ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር፣ በስዊድን ከተካሄደው ውድድር በኋላ ወደ ምዕራብ ኮበለለ። እውቀቱንም ይዞ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት በሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ መሪነቱ ወደ ጃፓን ዞረ። በ1967 የሱዙኪ 50 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ ከ17,000 ዙር በላይ ይዞር፣ 14 ማርሽም ነበረው። ማርሹ የበዛው ሞተሩ ጉልበት የሚሰጠው በጣም ጠባብ በሆነ የዙር ክልል ውስጥ ብቻ ስለነበር ነው።

የማርሚታው ርዝመት በቀላሉ ይገመታል። መስኮቱ ክፍት የሚሆንበት ዲግሪ በሞገዱ ፍጥነት ይባዛል፣ ውጤቱም ለ12 ጊዜ የሞተሩ ዙር ይካፈላል። በጋለ ጭስ ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ 510 ሜትር ገደማ ይሄዳል ቢባል፣ ለ190 ዲግሪና ለ11,000 ዙር 73 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ለ9,000 ዙር ደግሞ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር። ርዝመቱ የሚለካው ከፒስተኑ ገጽ ተነስቶ ሞገዱ ነጥሮ እስከሚመለስበት ቦታ ነው። ከፍ ያለ ዙር አጭር ማርሚታ ይፈልጋል፤ መስኮቱን ከፍ አድርጎ የፋብሪካውን ረጅም ማርሚታ መተው ብዙ ጊዜ ሞተሩን ከማበርታት ይልቅ ያደክመዋል።

በልደታ ከፍታ ላይ

ልደታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የከተማዋ የቀድሞው አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለጀት አውሮፕላኖች ሲባል ወደ ቦሌ ተዛወረ። ቀጭን አየር አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም ሜዳ እንዲፈልግ እንደሚያደርግ ሁሉ የሞተር ሳይክልንም ጉልበት ይቀንሳል።

በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በክብደቱ ሩብ ያህል ያንሳል። በባሕር ዳርቻ 10 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በልደታ 7.5 ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ጉድለት ሙሉ በሙሉ የሚመልስ ቁልፍ የለም። ማስተካከል የሚቻለው ድብልቁን ነው። አየሩ 25 በመቶ ሲቀንስ በካርቡራተሩ ቀዳዳ የሚሳበው ቤንዚን የሚቀንሰው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። መፍትሔው ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ ማጥበብ ሲሆን፣ ለባሕር ጠለል 1.00 ሚሊ ሜትር የነበረው እዚህ 0.93 አካባቢ ይሆናል።

ማርሚታው ግን አይለወጥም። የሞገዱ ፍጥነት የሚወሰነው በጋዙ ሙቀት እንጂ በአየሩ ግፊት ስላልሆነ፣ በቾፓው የተሰላ ርዝመት በልደታም ያው ነው። በከፍታ ቦታ የቀነሰን ጉልበት በማርሚታ ቆረጣ ለማግኘት የሚደረግ ሙከራ ከንቱ ነው።

ሙቀትና ፒስተን

በከፍታ ላይ ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ጥቂት ስለሆነ ቴስታታውን በቶርኖ ዝቅ አድርጎ እምቅታውን መጨመር ይቻላል፤ ከጠፋው ጉልበት ጥቂቱን ያስመልሳል። ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ ከቴስታታው ዳር ጋር የሚኖረው ክፍተት በትናንሽ ሲሊንደሮች 0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደረጋል።

አደጋው የሚመጣው ሞተሩ ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ሙቀቷ ታስቦም ሞተሩ እዚያ ከልደታ 10 በመቶ ያህል የበለጠ አየር ይስባል። በልደታ የጠበበው ቀዳዳ ግን ለዚህ አየር የሚበቃ ቤንዚን አይሰጥም፤ 5 በመቶ ገደማ ይጎድላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ይበልጥ ይግላል፣ የተጨመረው እምቅታም ድብልቁ ያለጊዜው እንዲፈነዳ ያደርጋል። የፒስተኑ አናት ይቀልጣል፣ ወይም ፒስተኑ ሰፍቶ ከግድግዳው ጋር ይጣበቅና የኋላ ጎማው በሙሉ ፍጥነት ላይ ይቆለፋል። ጥንቁቅ አሽከርካሪ እጁን ከፍሪሲዮኑ የማያነሳው ለዚህ ነው።

ዘይት መጨመር ብዙዎች እንደሚያስቡት መድኃኒት አይደለም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በዚያው ቀዳዳ ስለሚያልፍ ዘይት ሲበዛ የሚገባው ቤንዚን ያንሳል፣ ድብልቁም ይበልጥ ይሳሳል። የዘይቱ መጠን ሲቀየር ቀዳዳውም እንደገና መታየት አለበት።

ፍተሻው የሚደረገው በካንዴላ ነው። ሞተሩ በሙሉ ጋዝ ለጥቂት ጊዜ ከሮጠ በኋላ፣ ጋዙ ሳይለቀቅ ማቀጣጠያው ይጠፋል፣ ፍሪሲዮኑም ወዲያው ይያዛል፤ ካንዴላው ሲወጣ ነጩ ክፍል ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ከነጣ ወይም ጥቃቅን የብረት ብናኝ ከታየበት ቀዳዳው መስፋት አለበት፤ ብናኙ የፒስተኑ አሉሚኒየም ነው።